«ነጋዴ» የሥራ ስም ነው፤ ስድብ አታድርጉብን

ለቴሌቪዥንና ለሬዲዮ ዜና አዘጋጆች፣
ለንግድ ቢሮዎች የኮሙኒኬሽን ክፍሎች፣
ባላችሁበት፦

የተከበራችሁ አዘጋጆችና ኃላፊዎች፣ ጤና ይስጥልኝ።

ይህን የምጽፈው አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የእህልና የሸቀጣ ሸቀጥ መደዳ የምንሠራ 34 ሰዎችን ወክዬ ነው። የመደዳው ዕቁብ ጸሐፊ ነኝ። በርበሬ፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ሩዝ፣ ዘይት፣ ሳሙና እንሸጣለን። ከመካከላችን ፎቅ ያለው የለም። ሦስታችን መኪና አለን፤ የአንዳችን መኪና ከቆመ ግን ዓመት አልፎታል። ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ «ነጋዴ ነኝ» እላለሁ። 26 ዓመት እንዲሁ ስል ኖሬያለሁ። ባለፈው ወር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፄን ዝቅ አድርጌ አልኩት። እዚህ ያደረሰኝን ነገር ልንገራችሁ።

ማክሰኞ ማለዳ ነው። ሱቃችንን ገና ከፍተን ሳንጨርስ ተቆጣጣሪዎች መጡ። ካሜራም አብሮ መጣ። በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ሰባት ሱቆች ታሸጉ። በየበሩ የተለጠፈውን ወረቀት አንድ በአንድ አንብቤዋለሁ፤ የዕቁብ ጸሐፊ ነገር፣ ወረቀት ካላነበብኩ አይሆንልኝም። አራቱ የታሸጉት የዋጋ ዝርዝር ስላልለጠፉ ነው። ሁለቱ ፈቃዳቸውን በጊዜው አላደሱም። አንዱ አድራሻ ሲቀይር አላሳወቀም። ጥፋት ነው ወይ? ነው። ቅጣቱንም ከፍለዋል። ደብዳቤዬ ስለ ማሸጉ አይደለም።

ማታ በ2 ሰዓት ዜና መደዳችን በቴሌቪዥን ታየ። ከሥር የተጻፈው «ምርት በመደበቅ ሰው ሠራሽ እጥረት የፈጠሩ ስግብግብ ነጋዴዎች ላይ እርምጃ ተወሰደ» ይላል። ሰባቱንም ወረቀት አንብቤያለሁ ብያችኋለሁ። «ደበቀ» የሚል ቃል አንዱም ላይ የለም። «እጥረት» የሚልም የለም። ቃሉ ከየት መጣ? ከቢሮው መግለጫ ነው ወይስ ከዜና ክፍሉ? እስከ ዛሬ የነገረን የለም። ለዚህ ነው ደብዳቤውን ለሁለታችሁም የጻፍኩት።

ከታሸጉት አንዷ ጎረቤቴ ናት። ዕድሜዋ 61 ነው። ዋጋ የምትጽፈው በካርቶን ላይ በማርከር ነበር፤ ከዚያ ሳምንት በፊት የዘነበው ዝናብ በጣሪያው ገብቶ አጥፍቶባታል። ጥፋቷ ይኼው ነው። ካሜራው ግን ከሱቋ ጀርባ የተደረደረውን አሥር ጆንያ ምስር ደጋግሞ አሳየ። አሥር ጆንያ ምስር ለእህል ሱቅ የአንድ ሳምንት ሽያጭ ነው፤ በዓል ከሆነ ሦስት ቀንም አይሞላም። ከኋላ የሚቀመጠው ፊት ለፊት ቦታ ስለሌለ ነው። የሱቁ ስፋት ሦስት በአራት ነው። የት ታስቀምጠው?

በዘጠነኛው ቀን ሱቋ ተከፈተ። ያኔ ካሜራ አልመጣም። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን እኛ አይተናል። በዱቤ የወሰደ አንድ ደንበኛ ሒሳቡን ስትጠይቀው «አንቺማ ያካበትሽው ይበቃሻል፣ በቴሌቪዥን አይተንሻል» አላት። እየሳቀ ነው። የወሰደው የሁለት ወር አስቤዛ ነው። የልጅ ልጇን ደግሞ ትምህርት ቤት ውስጥ «የስግብግቧ ልጅ» ብለው ጠሩት። ሕፃኑ ቤት ገብቶ «እማማ፣ ስግብግብ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቃት። እሷም «ብዙ የሚበላ ሰው ነው» አለችው። እሱም «ታዲያ አንቺ ትጾሚ የለ» አላት። ስትነግረኝ ስቃለች፤ እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ።

በቃሉ ላይ ያለኝን ቅሬታ ልዘርዝር። ነገሩ ከአንድ ማክሰኞ ይሰፋል።

የመጀመሪያው ቅሬታዬ ስማችን እንደየወቅቱ መቀያየሩ ነው። መሳቢያዬ ውስጥ ከልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች የመጡልን ደብዳቤዎች አሉ። መዋጮ ሲፈለግ «ለተከበራችሁ የንግዱ ማኅበረሰብ አባላት» ተብለን እንጠራለን። ለትምህርት ቤት አጥር፣ ለኮብልስቶን፣ ለአቅመ ደካሞች ቤት እድሳት የመጣው ሁሉ እንዲህ ነው የሚጀምረው። መጋቢት 2003 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ የመሠረት ድንጋይ ከተቀመጠ በኋላ ቦንድ ስንገዛም «የንግዱ ማኅበረሰብ» ነበርን፤ እንዲያውም «አርአያ» ተብለናል። ሐምሌ ሲመጣ «ግብር ከፋይ» እንሆናለን። ይሄም ደህና ስም ነው። ከመካከላችን አንዱ ቀንቶት ፋብሪካ ቢከፍት «ባለሀብት» ይሆናል፣ ትንሽ ቆይቶም «ኢንቨስተር»። ልጁ ያንኑ ዕቃ በስልክ መሸጥ ቢጀምር ደግሞ «ሥራ ፈጣሪ ወጣት» ነው፤ ሽልማትም አለው። የሽንኩርት ዋጋ የጨመረ ቀን ግን ሁላችንም «ነጋዴ» ነን። ያውም ብቻውን አይመጣም፤ ከፊቱ «ስግብግብ» ወይም «ሕገወጥ» ወይም «አንዳንድ» የሚል ቃል ይቀድመዋል። «አንዳንድ ነጋዴዎች» ሲባል ሰው ሁሉንም ነው የሚሰማው። «አንዳንድ ሐኪሞች» ተብሎ ሲዘገብ ሰው በሐኪም ላይ አይነሳም። በእኛ ላይ ግን ይነሳል፣ ድሮም ተነስቷልና።

ይህ «ድሮም» የምለው ነገር እኔ ቤት ታሪክ አለው። አባቴ በአንዲት ትንሽ ከተማ ሱቅ ነበረው። ጨው፣ ክብሪት፣ ላምባ፣ አቡጀዲ ይሸጥ ነበር። ደርግ በ1968 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ለግል ንግድ የካፒታል ጣሪያ አበጀ፤ ለችርቻሮ 200 ሺህ፣ ለጅምላ 300 ሺህ ብር። አባቴ ያንን ብር በሕልሙም አላየውም። ቢሆንም በቀበሌ ስብሰባ «ንዑስ ከበርቴ» ተብሎ ቆሞ ግለ ሂስ አድርጓል። «አሻጥረኛ» የሚለውን ቃል ያኔ ነው የተማርኩት፣ ከፊደል ቀጥሎ። የተገኘበት አራት ኩንታል ጨው ነበር። ጨው ክረምት ላይ መንገድ ስለሚዘጋ አስቀድሞ ነው የሚገባው፤ ይህን ከተማው በሙሉ ያውቅ ነበር። የሰበሰቡትም ያውቁ ነበር።

ደርግ ሄደ። በኢሕአዴግ ጊዜ «ከበርቴ» ቀርቶ «ኪራይ ሰብሳቢ» መጣ። በሌላው በኩል «ልማታዊ ባለሀብት» ተፈጠረ። እኔ 26 ዓመት ሠርቼ እስከ ዛሬ ልማታዊ ልሁን ኪራይ ሰብሳቢ የነገረኝ ሰው የለም። የሱቁን ኪራይ ግን በየወሩ የሚሰበስብብኝ አለ። አሁን ደግሞ «ስግብግብ» ላይ ነን። ቅጽሉ ከመንግሥት ጋር ይቀየራል፤ «ነጋዴ» ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም፣ ሁሌም የሚለጠፍበት እሱ ነው።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ዋጋ ሲጨምር ምክንያቱ ሳይጠየቅ ስም መሰጠቱ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፤ የማውቀው ይህን ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከዚያ ቀን በፊት አንድ ዶላር በባንክ ወደ 57 ብር ነበር። በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። እኔ ሱቅ ውስጥ የዚያን ቀን 20 ጄሪካን ባለ አምስት ሊትር ዘይት ነበረኝ። «በድሮ ዋጋ የገዛሽውን በድሮ ዋጋ ሽጪ» ተባልኩ። ለሚሰማው ሰው ትክክል ይመስላል። እሺ ብዬ ሸጥኩ። ብሩን ይዤ ወደ ጅምላ አከፋፋዩ ሄድኩ። በዚያው ብር የሰጠኝ 14 ጄሪካን ነው። ስድስት ጄሪካን የት ሄደ? ማንም አልሰረቀኝም። ትርፌን ብቻ ሳይሆን ሱቁ የሚዞርበትን ገንዘብ ነው የበላሁት። እንዲህ ሁለት ጊዜ ብዞር 20ው ወደ 10 ይወርዳል። በአራተኛው አምስትም አይሞላም፤ መደርደሪያው ወደ ባዶነት ይሄዳል። መደርደሪያው ባዶ ሲሆን ደግሞ ምን እንደምባል ታውቃላችሁ፦ «ደበቀች»።

ነጋዴ ዛሬ የሚሸጥበትን ዋጋ የሚተምነው ትናንት በገዛበት ብቻ አይደለም። ነገ በሚገዛበትም ነው። ይህ ተንኮል አይደለም። ዘር ለይቶ የሚያስቀምጥ ገበሬ የሚያስበው እንደዚሁ ነው፤ የዘሩን እህል በላ የሚባል ገበሬ እንዴት እንደሚታይ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን።

ሌላም ልጨምር። በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. መጨረሻ መንግሥት በብዙ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ጣለ። ዘይት፣ ስኳር፣ ዳቦ፣ ሥጋ ሳይቀር ነበረበት። እኔ ያኔ ሱቅ ከከፈትኩ አሥር ዓመት አልፎኝ ነበር። የሆነውን አልረሳም። ከጅምላ የምንገዛበት ዋጋ ለችርቻሮ ከተቆረጠው በልጦ ተገኘ። ብዙዎቻችን ዕቃውን ማምጣት አቆምን። ዕቃው ከገበያ ጠፋ፤ ሰው ተሰለፈ። ከወራት በኋላ መንግሥት ራሱ አብዛኛውን ጣሪያ አነሳው። ጣሪያው ሲጣል ዜናው ስለ ስግብግብ ነጋዴ ነበር። ሲነሳስ? በዚያ ስማችንን ያነሳ ሰው ትዝ አይለኝም።

የሽንኩርቱንም ነገር ባጭሩ ልንገራችሁ። ሽንኩርት ከማሳ ሲወጣ ደላላ አለ። መኪና አለ። መንገድ ላይ ኬላ አለ፣ ያውም ከአንድ በላይ። ከተማ ሲገባ ጫኝና አውራጅ ይጠብቀዋል፤ የጫኝና አውራጅ ዋጋ ደግሞ ድርድር አያውቅም። ከዚያ ጅምላ፣ ከዚያ እኛ። ክረምት ላይ ከአንድ ኩንታል እስከ ስምንት ኪሎ በስብሶብኝ ያውቃል። ጋዜጠኛው የሚመጣው የመጨረሻዋ በር ላይ ነው። ሚዛኑን የያዘችው ሴትዮ ፊት ለፊት። ከእሷ በፊት ያሉትን ስድስት በሮች አንኳኩቶ ቢሆን ኖሮ ዜናው ሌላ በሆነ ነበር። የመጨረሻዋ በር ግን ክፍት ናት፣ ሁሌም ናት፣ አትሮጥም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካልተናገርኩ ደብዳቤዬ ጎዶሎ ይሆናል። አጭበርባሪ ነጋዴ አለ። በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት የሚቀላቅል አለ። ቅቤ ውስጥ ሙዝ፣ እንጀራ ውስጥ ሰጋቱራ ገብቶ አይተናል። ሚዛን የሚያጎድልማ ስንቱ። በራሳችን መደዳ ስኳር ደብቆ የተያዘ ሰው ነበር። ቢሮው ሳይቀጣው በፊት ዕቁቡ አስወጥቶታል፤ መዝገቡ እኔ ጋር አለ። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ብላችሁ ብትጠሩት አይከፋንም። አጭበርባሪ በሉት፣ ሌባ በሉት፣ መርዘኛ በሉት። በሠራው ጥሩት። ሸክላ የቀላቀለውን ሰው በእኛ ስም ስትጠሩት ግን እሱ ይደበቃል፣ እኛ እንታያለን። ከሁሉ ያነሰ የሚያፍረው እሱ ነው፤ ስድቡ ለ34 ሰው ተካፍሎለታል።

ሦስተኛው ቅሬታዬ ቃሉ ራሱ ከሱቅ ወጥቶ ለክፉ ነገር ሁሉ መጠሪያ መሆኑ ነው። «የፖለቲካ ነጋዴ»፣ «የሃይማኖት ነጋዴ»፣ «በደም የሚነግዱ»፣ «በድህነታችን የነገዱ»፤ አንድ ምሽት ተቀምጬ የዜናና የውይይት ፕሮግራም ሳዳምጥ ዘጠኝ ጊዜ ቆጠርኩ። ሰው በሕገወጥ መንገድ ወደ ውጭ የሚያሻግረው ሁሉ ዛሬ «የሰው ነጋዴ» ነው። የባሪያ ንግድ በታሪካችን ነበር፤ የፈጸሙትም ነጋዴ ይባሉ ነበር። ይህን አልክድም። ግን ሕጉ ያለው «በሰው መነገድ» እና «ሰውን በሕገወጥ መንገድ ማሻገር» የሚል ልዩ ልዩ ወንጀል ነው። «አሻጋሪ» የሚል ቃል እያለ ለምን የእኛን ትዋሳላችሁ? መቼም ጉቦ የሚበላ ባለሥልጣንን «የፊርማ ገበሬ» አትሉትም።

ይህን ስል ቃሉ ከየት እንደመጣ ደግሞ ላስታውስ። አባቴ የቄስ ትምህርት ነበረውና ከእሱ ነው የሰማሁት። በግዕዝ «ነገደ» ማለት ተጓዘ፣ ለንግድ ሄደ ማለት ነው። «እንግዳ» የሚለውም ቃል ከዚያው ሥር የወጣ ነው። ነጋዴ ማለት መንገደኛ ነበር። ሲራራ ነጋዴ አሞሌ ጨው ከአፋር በረሃ እስከ ደቡቡ ድረስ በበቅሎና በአህያ የሚያደርስ ሰው ነው። አሞሌው ደግሞ በብዙ ገበያ ገንዘብ ነበር። ወንዝ ይሞላበታል፣ ሽፍታ ይጠብቀዋል፣ በየበሩ ቀረጥ ይከፍላል። የኬላው ነገር ያኔም ነበር ማለት ነው።

ስሙም የክብር ስም ነበር። «ነጋድራስ» ትልቅ ማዕረግ ነው፤ የነጋዴዎች አለቃ፣ የገበያና የቀረጥ ኃላፊ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ ንግድንና የውጭ ጉዳይን የያዙት ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ነበሩ። ስለ አገራችን ኢኮኖሚ ቀድመው ከጻፉት መካከል የሆኑት ገብረ ሕይወት ባይከዳኝም ነጋድራስ ነበሩ። ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹት ተሰማ እሸቴም እንዲሁ። ዛሬ አንድ ሰው ለልጁ ሽማግሌ ሲልክ «ልጁ ምን ይሠራል?» ተብሎ ቢጠየቅ «ነጋዴ ነው» አይልም። «በግል ሥራ ይተዳደራል» ይላል። ደፈር ያለው «ቢዝነስ ላይ ነው» ይላል። የራሴ ልጅ የዩኒቨርሲቲ ቅጽ ስትሞላ «የእናት ሥራ» የሚለው ላይ «የግል» ብላ ጻፈች። «ለምን?» አልኳት። «እማዬ፣ ምን ያደርጋል ማስረዳት» አለችኝ። ያስተማራት ምስር ነው፣ እሷም ታውቀዋለች። አልተቆጣኋትም። ዜና ሰምታ ያደገች ልጅ ናት።

እኛም ከወቀሳ አንድንም። ትንሽ ገንዘብ የያዘ ባልደረባችን ካርድ ሲያሳትም «ቢዝነስማን» ብሎ ያሳትማል። አንዱ እንዲያውም «ሥራ አስኪያጅ» ብሏል፤ የሚያስኪያጀው አንድ ተላላኪ ልጅ ነው፣ እሱም ከሰዓት ብቻ። ስማችንን እኛው ከሸሸነው ሌላው ምን ያድርግ?

ሕጉን ደግሞ ተመልከቱ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ በአምስተኛው አንቀጽ ነጋዴ የሚባሉትን ዘርዝሯል። ዕቃ ገዝቶ የሚሸጥ አለበት። ግን በዚያ አያበቃም። ባንክ የሚሠራ፣ የመድን ሥራ የሚሠራ፣ ሆቴል የከፈተ፣ ሰውና ዕቃ የሚያጓጉዝ ሁሉ ነጋዴ ነው። በዝርዝሩ ውስጥ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጣቢያ የሚያሠራም አለ። አዎ፣ ጣቢያ። እንግዲህ ያ ሕግ በሚያውቀው መሠረት «ስግብግብ ነጋዴ» የሚለውን ጽሑፍ በዚያ ማታ ያሳየን ድርጅት ባለቤቱ የግል ከሆነ ነጋዴ ነው ማለት ነው። የማስታወቂያ ደቂቃ ዋጋ ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ እንደጨመረ እኔ አልጠይቅም። ገበሬውንና አነስተኛ የእጅ ባለሙያውን ግን ሕጉ ለይቶ አስወጥቷቸዋል። ሕጉ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 ሲታደስም «ነጋዴ» የሚለው ቃል አልተጣለም። እኔና የባንክ ባለአክሲዮኖች ያቋቋሙት ድርጅት በሕግ ፊት በአንድ ስም እንጠራለን። በዜና ፊት ብቻ ነው የተለያየነው።

አራተኛው ቅሬታዬ አጭር ነው። እንደ ሰው የምንታየው አደጋ ሲደርስብን ብቻ መሆኑ። ጥቅምት 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል ዜናው «የዕድሜ ልክ ጥሪታቸውን ያጡ ወገኖች» አለ። ልብ የሚነካ ዘገባ ነበር፤ አመሰግናለሁ። አንድ ወር ሳይሞላ፣ ኅዳር ላይ፣ የደረሰኝ ቁጥጥር ሲጠብቅና ዕቃ ሊወረስ ነው የሚል ወሬ ሲነዛ ብዙ የመርካቶ ሱቆች ተዘጉ። ያኔ እንደገና ስማችን ተመለሰ። ደረሰኝ መቁረጥ ግዴታ ነው፤ ተከራካሪ የለም። ግን ከጅምላው ያለ ደረሰኝ የተሰጠው ቸርቻሪ በደረሰኝ ሽጥ ሲባል ምን ያድርግ ብሎ የጠየቀ ዘጋቢ አላየሁም። በ2009 ዓ.ም. የቀን ገቢ ግምት ጊዜም እንዲሁ ነበር። የግብር ገማቾች ጥቂት ደቂቃ ሱቅ ውስጥ ቆመው የዓመቱን ገቢያችንን ገምተው ሄዱ። ብዙ ሰው አለቀሰ፤ በየከተማው ሱቅ ተዘጋ። ዜናው «ግብር የሚሰውሩ ነጋዴዎች» ነበር።

ስለ ደላላ አልጻፍኩም። የደላላ ስም ከእኛም የባሰበት ነው። የራሳቸውን ደብዳቤ ይጻፉ፤ እንደለመዱት ኮሚሽን ካልጠየቁበት።

አሁን የምንጠይቃችሁን ልናገር።

ከቢሮዎች እንጀምር። ሱቅ ስታሽጉ በወረቀቱ ላይ የጻፋችሁትን ምክንያት ለጋዜጠኛውም በዚያው ቃል ስጡት። «የዋጋ ዝርዝር ባለመለጠፍ» ከሆነ «የዋጋ ዝርዝር ባለመለጠፍ» በሉ። ሰው ይሰማናል፣ ይረዳናል፣ ዝርዝሩንም እንለጥፋለን። ለመዋጮ «የንግዱ ማኅበረሰብ» ካላችሁን ለቅጣቱም እንዲሁ በሉን፤ ወይም ለሁለቱም «ነጋዴዎች» በሉን። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ከዜና አዘጋጆች የምንጠይቀው ይህ ነው። «ስግብግብ» የዜና ቃል አይደለም፣ ተዉት። የሰው ሆድ ውስጥ ያለውን ካሜራ አያነሳውም። ውሳኔ ሳይሰጥ የሱቅ ስምና የሰው ፊት አታሳዩ። የታሸገው ሱቅ ሲከፈትም አንዲት መስመር ተናገሩ፤ ባሳያችሁበት ሰዓት፣ በማታው ዜና። የዋጋ ዜና ስትሠሩ ቢያንስ ሁለት በር ወደ ኋላ ሂዱ። የግዢ ደረሰኝ ጠይቁን፤ እናሳያለን። ከሌለን ለምን እንደሌለን እንነግራችኋለን፤ እሱ ራሱ ዜና ነው።

ስለ ጎረቤቴ ደግሞ ለብቻው እንጠይቃለን። የታሸገችው ምርት ደብቃ እንዳልሆነ፣ ቅጣቷን ከፍላ ሥራ እንደጀመረች በዚያው ሰዓት እንዲነገርላት። ስሟን መጥራት አያስፈልግም፤ መደዳውን ማሳየት ይበቃል፣ ሰዉ ያውቃታል። ካርቶኑን ትታ አሁን ዋጋዋን በቆርቆሮ ላይ በቀለም አጽፋለች። ምስሩ፣ ሽሮው፣ ሩዙ፣ ሁሉም አለ። የዘይቱን ቦታ ብቻ ክፍት አድርጋዋለች፤ በቀለም ከተጻፈ በየሳምንቱ መፋቅ ሊመጣ ነው ብላ።

ሐሙስ ሐሙስ ዕቁብ ስለምንጥል ከ11 ሰዓት በኋላ ሁላችንም አለን። ካሜራ ይዛችሁም ሳትይዙም መምጣት ትችላላችሁ። ሻይ አለ። ደብዳቤውን የተቀበለው ክፍል ማኅተም አድርጎ አንዱን ቅጂ እንዲመልስልን በትሕትና እንጠይቃለን፤ መዝገብ ላይ የምናያይዘው አለ።

ከአክብሮት ጋር፣

የመደዳችን ዕቁብ ጸሐፊ፣
ነጋዴ